ስለ ሩቅ አገር ተማሪ፥ ስለ ጓደኞቹና ስለ ክራሩ



ልጅን ወልዶ ማሳደግ ከባድ መሆኑን ያልወለደም ሰው ቢሆን ያውቀዋል። አሳድጎ ወደ ማያውቁት አገር ለትምህርት መስደድ ግን ከዚያ የባሰ መሆኑን የሚያውቀው፥ ልጁን በአውቶቡስ አሳፍሮ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የተመለሰ ወላጅ ብቻ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምጽፍላችሁ ከሰው የሰማሁትን ሳይሆን በገዛ ቤቴ የደረሰውን ነው፤ በነገሩ ውስጥ ያለውም ጥፋት የእኔው የራሴ ስለ ሆነ የምወቅሰው ሌላ ሰው የለኝም።

በዘመናችን ፈተናውን ያለፈ ልጅ በብዙው የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ የሚመድብለት የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ የጎጃሙ ልጅ ወደ ደቡብ፥ የወላይታው ልጅ ወደ ሰሜን ይሄዳል። የእኔም ልጅ ዕጣው በ1999 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ወደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ወጣ። ይህ ትምህርት ቤት አንዱ ግቢው በሚዛን፥ ሌላው ግቢው በቴፒ ሲሆን፥ ልጄ የደረሰው ቴፒ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ተፈሪ 560 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከዚያም እስከ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ሊነሣ በዋዜማው፥ ልጁ በእልፍኙ ግድግዳ ተሰቅሎ የኖረውን የአያቱን ክራር አውርዶ ከመጻሕፍቱ ጋር ማሰር ጀመረ። እኔም ተቈጥቼ «የምልክህ ለትምህርት ነው እንጂ ለአዝማሪነት አይደለም፤ ክራር የሥራ ፈት ዕቃ ነው» አልሁት። አባቴ በሕይወቱ ሳለ ከችሎት ደክሞ ሲመለስ ማታ ማታ የሚያዜምበት ይኸው ክራር እንደ ነበረ በዚያች ሰዓት ረሳሁት። ልጁ አባቱን የሚያከብር ስለ ሆነ አንዲት ቃል ሳይመልስ ክራሩን በምስማሩ ላይ ሰቀለው። እናቱ ግን ፊቱን አይታ ዝም አለች።

ከሄደ በኋላ በየሳምንቱ በስልክ እንነጋገር ነበር። ነገሩ ሁሉ «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚል አያልፍም። በሦስተኛው ወር ግን አንድ ሌሊት ደውሎ «አባባ፥ ፈቃድዎ ከሆነ ወደ ቤቴ ልመለስ» አለኝ። ምን እንደ ጐደለው ብጠይቀው እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «ምንም የጐደለብኝ የለም። በ12 ሰዓት እነሣለሁ፤ ቁርሴን በልቼ ወደ ክፍል እገባለሁ፤ ቀትር ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተሰልፌ ሽሮዬን እበላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራ፥ ማታ በቤተ መጻሕፍት እውላለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ልብሴን አጥባለሁ። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ የሚጠራኝ የመምህሩ መዝገብ ብቻ ነው።»

እኔም «ወንድ ልጅ ሁን፥ ታገሥ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምክር የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ እልፍኝ ብገባ ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ባለቤቴን ብጠይቃት ዐይኗን ከፈትሏ ሳታነሣ «ለታመመ ልጅ መድኃኒት አይላክለትምን?» አለችኝ። ለካ ክራሩን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ቴፒ በሚሄድ ሰው ልካለታለች። ተቀየምሁ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ልጁ ስለ መመለስ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም።

በየካቲት ወር የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲያበቃ «ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሚዛን፥ ከዚያም የቡናውን እርሻ ለማየት ወደ ቤበቃ እንሄዳለን» ብሎ አስታወቀን። እኔም «ክራሩ ሥራውን ጀመረ፤ ልጄ ዘዋሪ ሆነ» ብዬ ለመቈጣት ተነሣሁ። ከባለቤቴ በቀር ለማንም ሳልናገር ጉዞ ጀመርሁ።

የጊቤን ቁልቁለት ወርጄ ጅማ አደርሁ፤ በማግሥቱም ጎጀብን ተሻግሬ ቦንጋን አልፌ ወደ ሚዛን ወረድሁ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፥ የሸካም ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የሕይወት ክልል መዝገብ የገቡ መሆናቸውን በወረቀት አንብቤ አውቅ ነበር። ማንበብና ማየት ግን እንደ ሰማይና እንደ ምድር የተራራቀ ነው። በታላላቁ ዛፍ ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ይታያል፤ በዛፎቹም ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። የበልግ ዝናብ ቀድሞ ጥሎ ስለ ነበረ ቡናው ሁሉ አብቦ፥ ቅርንጫፉ ነጭ ጥጥ የተበተነበት ይመስል ነበር። ይህ አበባ የሚቈየው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነውና በዕድሌ ደረስሁበት።

ልጄን ያገኘሁት በሚዛን ዳር፥ የአንድ ጓደኛው ወላጆች በሚኖሩበት ቤት ነው። ድንገት ባየኝ ጊዜ ደንግጦ ቆመ፤ ወዲያውም ጕልበቴን ስሞ «አባባ፥ እንዴት መጡ?» አለኝ። ከእርሱ ጋር አራት ልጆች ነበሩ። አንዱ የጎጃም፥ አንዱ የወላይታ፥ አንዱ የጅማ፥ አራተኛውም የቤቱ ልጅ፥ የቤንች ተወላጅ ነው። ሁሉም በአንድ ማደሪያ ክፍል የሚያድሩ ናቸው። ልቈጣ የመጣሁ ሰው እግሬን ታጥቤ፥ የተቀቀለ ጎደሬና ማር ቀርቦልኝ፥ ከቅመማ ቅመም ጋር የፈላ የቡና ቅጠል ጠጥቼ፥ የምቈጣበትን ቃል አጣሁ።

በማግሥቱ ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ቤበቃ አብሬያቸው ሄድሁ። ይህ ከአገራችን ታላላቅ የቡና እርሻዎች አንዱ ነው። በዚያ ያገኘነው አንድ የእርሻ ሠራተኛ፥ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬው እስኪቀላ ድረስ ሰባት ስምንት ወር እንደሚፈጅ፥ ጥላ ዛፍ የሌለውም ቡና ቶሎ እንደሚደክም አስረዳን። ልጆቹ ይጠይቃሉ፥ ይጽፋሉ፥ እርስ በርሳቸውም ይከራከራሉ። በክፍል ውስጥ የሰሙት ትምህርት በዚያ ሜዳ ሥጋና ደም ሲለብስ በዐይኔ አየሁ።

ማታ ከእሳቱ ዙሪያ በተቀመጥን ጊዜ ልጄ ዐይን ዐይኔን እያየ ክራሩን አወጣ። እኔም በራሴ ነቅንቄ ፈቀድሁለት። በትዝታ ቅኝት ቃኝቶ አንድ የአያቱን ዜማ ተጫወተ። የወላይታው ልጅ በጭብጨባ፥ የጅማው ልጅ በጀሪካን እየመታ ተቀበሉት። አባቴን ካጣሁት ወዲህ እንደዚያች ሌሊት በአጠገቤ የተቀመጠ መስሎኝ አያውቅም።

ዜማው ሲያልቅ የቤቱ አያት፥ ሽማግሌው፥ የራሱን ባለ አምስት አውታር ክራር አስመጣ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አጭር ድምፅ መታና ዝም አለ። ዜማ አልመሰለኝም፤ ሊቃኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጥቂት ቈይቶ ከጓሮው ጨለማ አንድ ትንሽ ልጅ ውሃ በቅል ይዞ ገባና ለሽማግሌው ሰጠ። ሁላችንም ተደነቅን። የልጄ ጓደኛ እየሳቀ እንዲህ ብሎ ተረጐመልን፦ «አባቴ ሆይ፥ አያቴ ልጁን በስሙ ጠርቶ ውሃ እንዲያመጣ አዘዘው። በእኛ ቋንቋ የአንዱ ቃል ትርጕም ከሌላው የሚለየው በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ነው፤ ከፍታውም አምስት ነው። ስለዚህ ቃሉን በፉጨትም ሆነ በክራር መናገር ይቻላል፤ ወንዶች ከሩቅ ሲጠራሩ በዚሁ ይግባባሉ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ክራርን የሥራ ፈት ዕቃ ነው ያልሁት እኔ፥ ክራር ሰውን በስሙ ሲጠራ በጆሮዬ ሰማሁ።

በዚያው ሌሊት ልጄ ብቻዬን ሲያገኘኝ የሸሸገውን ነገረኝ። ስልኩን በዘጋሁበት ሳምንት ሻንጣውን አስሮ፥ ዋጋውን ተበድሮ፥ በማግሥቱ ሊነሣ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ማታ ክራሩ ደረሰው። ሊሰናበትበት ብሎ በማደሪያው ደጃፍ ተቀምጦ ሲመታ፥ እስከዚያች ቀን ሰላምታ ብቻ የሚለዋወጣቸው ልጆች አንድ በአንድ እየመጡ ተቀመጡ፤ የቤንቹም ልጅ «ይህን አያቴ ይሰማው ዘንድ አንድ ቀን ቤታችን ና» አለው። ሲነጋ ሻንጣውን ፈታ። ፈተናውንም አለፈ፤ አንደኛ ባይወጣም አላፈረም።

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ በአክሱም ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ እምቢ ቢለው ሸሽቶ እንደ ነበረና፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ስትወጣ አይቶ እንደ ተመለሰ ይነገራል። ሸሽቶ ቢቀር ኖሮ ዜማችንን ማን ይደርስልን ነበር? የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቦ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ለቅኔ ወደ ጎጃም፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም የሚጓዝ ነው። ለአባቶቻችን ትምህርት፥ ጉዞ፥ ባልንጀራና ዜማ አንድ ላይ የተገመዱ ነበሩ።

መንግሥትም ቢሆን ሙዚቃን አልናቀም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል የተሰማውን የመዝሙር ዜማ የደረሰ ነው። ከአገራቸውና ከዘመዳቸው የተለዩ ልጆች በሙዚቃቸው ሁለተኛ አገር አገኙ።

ይህን ስል ልጅ ትምህርቱን ትቶ ይዙር፥ ሌሊቱን በዘፈን ያንጋ ማለቴ አይደለም። ለሁሉም ልክ አለው። ጉዞው ከፈተና በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። ወላጅ አብረው የሚሄዱትን ልጆች በስማቸው ይወቃቸው፤ የሚነሡበትንና የሚመለሱበትን ቀን ይጠይቅ፤ መንገዱም ሳይመሽ የሚያልቅ ይሁን። ክራሩ ጓደኛ በሚያጠናበትና በሚተኛበት ሰዓት በምስማሩ ላይ ይዋል። በሰው አገር የሚያድር ልጅም ከሁሉ አስቀድሞ የዚያን አገር ሰላምታ ይማር።

ለወላጅ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ልጃችን ሲደውል «ስንት አገኘህ?» ብለን ለመጠየቅ እንቸኩላለን። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት «ዛሬ ከማን ጋር በላህ?» ብለን ብንጠይቅ፥ ሻንጣው ታስሮ እንደ ሆነ እንሰማለን።

እኔ ወደ ቤቴ በተመለስሁ ጊዜ ባለቤቴ ስለ ጉዞው ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኋትና ይቅርታዋን ለመንሁ። እርሷም ከፈትሏ ሳታርፍ «ምስማሩን አይንቀሉት፤ ክራሩ ሲመለስ ይፈልገዋል» አለችኝ።