ቀይ ሥር ደም አይሆንም

ባለፈው እሑድ የታመመ ወዳጄን ልጠይቅ ሄድኩ። ድሮ አብረን ያስተማርን ሰው ነው። ኩላሊቱ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን መታጠብ ሲኖርበት ገንዘብ ሲያጥረው ሁለት ቀን ይታጠባል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። «ደም ማነስ አለብህ ብለውኛል» አለ።

ይሄኔ ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ሆነ! አንዲት እናት የቀይ ሥር ጭማቂ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው አምጥተዋል። ሌላው ጎመን አዘዘ። አንድ ዘመድ ደግሞ «አይበላም እኮ! ራሱን የሚጎዳው ራሱ ነው» ብለው ፈረዱ። ወዳጄ አንገቱን ደፋ። ይህን ያስጻፈኝ ያ የተደፋ አንገት ነው።

ቃላችንም ያሳስታል (ቋንቋ አስተምሬ እንጀራ የበላሁ ነኝና ይህችን ልበል)። ደም ማነስ ሲባል የሚታየን የጎደለ እንስራ ነው። የጎደለ ደግሞ ይሞላል። በዚህ ሕመም የሚያንሰው ግን ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በዴሲሊትር ለወንድ ከ13፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በታች ሲወርድ ማለት ነው። የወዳጄ 7 ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል። መቅኔ ምትኩን እንዲሠራ የሚያዘው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ አብዛኛውን የሚያመነጨው ደግሞ ኩላሊት። ኩላሊት ሲደክም አዛዡ ጠፋ ማለት ነው። ጡቡ ግቢ ሙሉ ቢከመር፣ ግንበኛውን የሚጠራ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ቀይ ሥሩ እንግዲህ በቀለሙ ነው ያታለለን። የባሰው ነገር ቀይ ሥርም ጎመንም ፖታሲየም አላቸው። የደከመ ኩላሊት እሱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ሲጠራቀም ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል። በፍቅር የመጣችው ጠርሙስ ይህን ይዛ ነው የመጣችው! ምግብ ከንቱ ነው አላልኩም። ብረት ላነሳት እናት ሥጋውም ጎመኑም ይጠቅማታል። የሷ በሽታ ግን የሱ በሽታ አይደለም።

ለሱ የሚሆነው መርፌ አለ። የሆርሞኑ መርፌ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ከብረት ጋር ይሰጣል። ወዳጄ ገንዘብ ሲያገኝ ይወጋል፣ ሲያጣ ይዘላል። ሲብስበት ደም ይሰጡታል። ደም መውሰድ ነፍስ ያድናል፤ ሲደጋገም ግን ሰውነት የሌላ ሰው አካል እንዲቃወም ያደርገውና ነገ ኩላሊት የሚለግሰው ቢያገኝ እንቅፋት ይሆንበታል። ንቅለ ተከላውማ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። በአንድ እጅ ተስፋ እየሰጠን በሌላው መንገዱን እናጠብበታለን ማለት ነው።

እኛስ? ለእጥበት ገንዘብ ስናዋጣ የምንቆጥረው የማሽኑን ቀን ብቻ ነው። መርፌው ከሒሳቡ የለም፤ እንደ ቅንጦት ይታያል። ከአልጋ ተነስቶ በር መድረስ ከመቼ ወዲህ ነው ቅንጦት የሆነው? የሰውየውን ሆድ ከመመርመር «መርፌህ አለ? ስንት ቀረህ?» ብንለው ምን ነበረበት?

ስወጣ ጠርሙሷን በኮቴ ሥር ይዣት ወጣሁ። እናትየው አይተውኛል። ይቀየሙኝ።