ከዶክተር መላኩ በያን ወደ ብሉር፦ ድምፃችን ለማን ነው?

በብሉር ጎዳና፣ በኦሲንግተን የባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የማይነሣ የአገር ጉዳይ የለም። ክርክሩ የጋለ፣ ወሬውም ትኩስ ነው። ሆኖም ተናጋሪውም ሰሚውም እኛው ነን። አጠገባችን የተቀመጠው ጎረቤት እንጀራችንን እንጂ ጉዳያችንን አያውቅም። ይህ ልማድ ምን እንደሚያሳጣን የዶክተር መላኩ በያን ሕይወት ያስረዳል።

ዶክተር መላኩ አሜሪካ የሄዱት ለትምህርት ነበር። ኦሃዮ ተምረው፣ በዋሽንግተኑ የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ፤ ዶሮቲ ሃድሊ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊትም አገቡ። በወረራው ዘመን አገር ቤት ተመልሰው በሐኪምነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 ከሃርለም የተላኩ ሦስት ሰዎች ሎንዶን ድረስ ሄደው ለርዳታው ሥራ እንደራሴ እንዲሰጣቸው ንጉሠ ነገሥቱን ሲጠይቁ፣ የተመረጡት እሳቸው ሆኑ።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ የነበሩት ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ሐኪሙ መልእክተኛ ወገን ያደረጉት የአሜሪካንና የካሪቢያንን ጥቁር ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውን ጋዜጣ በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኒውዮርክ ተመሠረተ። ኅብረቱ የዋሽንግተንን የገለልተኝነት ሕግ አላስለወጠም። ዶክተር መላኩም ነፃነትን ሳያዩ በ1940 ዐረፉ። ዝምድናው ግን አልተቀበረም፤ ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሻሸመኔ ለባሕር ማዶ ጥቁሮች የሰጡት መሬት የዚያ ወዳጅነት ውለታ ነው።

የእኛን ሁኔታ ከዚህ ጋር ስናነጻጽረው ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እሳቸው ወገን ሳይኖራቸው ጎረቤት አፈሩ፤ እኛ ወገን በዝቶልን ጎረቤት አጣን። ምሽቱን የምናሳልፈው ለአገር ቤት ሕገ መንግሥት ስናረቅ ነው።

ይህ ሥራ አደጋ እንዳለው ስሎቫኮች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1918 ፒትስበርግ ላይ የአሜሪካ ስሎቫኮችና ቼኮች ከቶማሽ ማሳሪክ ጋር ያደረጉት ስምምነት፣ ስሎቫኪያ የራሷ አስተዳደር፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት እንዲኖራት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። የ1920 ሕገ መንግሥት ግን ማዕከላዊ አስተዳደርን መረጠ፤ ስምምነቱም ለዓመታት የቅሬታ ምንጭ ሆኖ ቆየ። ስደተኛ የወዳጅ በር ሊያስከፍት ይችላል፤ የአገር ቤቱን ሕዝብ ተክቶ ሊወስን ግን አይችልም።

«ጎረቤት ስናባብል የራሳችንን ሰው እንረሳለን» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሚኖር ማኅበር ልጆቹን ያጣል። ዳሩ ግን አማርኛችን ቤታችን ሲሆን፣ እንግሊዝኛው የደጃችን መንገድ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከኦሲንግተን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ የኮሪያውያን ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃ ለአገራቸው መዋጋቱን ልንነግራቸው ብንሄድ፣ ከባዶ የምንጀምር አይደለንም። የምንመርጠው የፓርላማ አባልም ስለ ስደተኛ ቤተሰብ መገናኘትና ካናዳ ለኢትዮጵያ ስለምትሰጠው ርዳታ ከእኛ ሊሰማ ይገባል። በአገር ቤት ጉዳይ ምኞት ቢኖረንም፣ ድምፃችን የሚቆጠረው እዚህ ነው። ዶክተር መላኩ ያልነበራቸውን የምርጫ ካርድ ይዘን፣ ለራሳችን ብቻ ስንናገር መኖራችን ያሳፍራል።