ከቲቢ በኋላ የሚመጣ ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናውን ጨርሶ ድነሃል የተባለ ሰው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሳሉ ሲያገረሽበት፣ ሰውነቱ ሲከሳና አክታው ደም ሲቀላቅል እሱም ቤተሰቡም መጀመሪያ የሚሉት ነገር አንድ ነው፤ ቲቢው ተመለሰ። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን አክታው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ሳይገኝ «ለማንኛውም» ተብሎ ክኒኑ እንደገና ሲጀመር፣ ከሕመምተኞቹ ከፊሎቹ የሚታከሙት ለሌለባቸው በሽታ ነው። የእነርሱ ሕመም መነሻ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባል፣ በየቦታው የሚገኝ ሻጋታ ነው። በእኔ እምነት የቲቢ ሕክምና ክኒኑ ስላለቀ ብቻ አለቀ ሊባል አይገባም። በሽታው ሳንባው ላይ ክፍተት ጥሎበት ላለፈ ሰው የሻጋታ ምርመራ የክትትሉ አካል መሆን አለበት።

ይህ ሻጋታ ሰውን ለማጥቃት የተፈጠረ አይደለም። ኑሮው በበሰበሰ ቅጠል፣ በእርጥብ ድርቆሽና በብስባሽ ክምር ውስጥ ነው፤ የሞተ ዕፅዋትን እያፈረሰ ንጥረ ነገሩን ወደ አፈር ይመልሳል። ብስባሽ ሲብላላ ሙቀቱ እጅግ ይጨምራል፤ ሌሎች ሻጋታዎች ሲሞቱ እሱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይም ያድጋል። ስለዚህ 37 ዲግሪ የሆነው የሰው ገላ ይመቸዋል እንጂ አይከብደውም። አረንጓዴ ግራጫ ዱቄት መስለው የሚታዩት ስፖሮቹ፣ ማለትም የመራቢያ ቅንጣቶቹ፣ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆኑ ትንሽ ነፋስ ያነሳቸዋል፤ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀራቸውም እስከ ሳንባ የመጨረሻ የአየር ከረጢቶች ይወርዳሉ። ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሳቸዋለን። ጤነኛ ሳንባ ከፊሎቹን በአክታ ጠርጎ ያስወጣል፤ የቀሩትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ ከዚያም አምልጦ ክር ማብቀል የጀመረውን ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ይገድሉታል።

እንግዲህ ሕመሙን የሚወስነው ከሻጋታው ይልቅ የተቀባዩ ሰው ሁኔታ ነው። በካንሰር ሕክምና ነጭ የደም ሕዋሱ ባለቀበት ሰው ላይ ሻጋታው የደም ሥር እየበሳ በቀናት ውስጥ ይስፋፋል፤ አንዳንድ የአስም ሕመምተኞችን በአለርጂ ያሠቃያል። ቲቢ የቦረቦረው ሳንባ ግን ሦስተኛ በር ይከፍትለታል። ክፍተቱ ውስጥ ጠራጊ የለም፤ የገባው ስፖር ክር እያበቀለ፣ ክሩም እርስ በርሱ እየተጠላለፈ እንደ ኳስ ይከማቻል። በራጅ ፊልም ላይ በክፍተቱ ውስጥ ክብ ጥላ፣ ከበላዩም ማጭድ የመሰለ ጥቁር የአየር ቅስት ይታያል፤ ሕመምተኛው ጎኑን ቀይሮ ሲተኛ ኳሱም ቦታውን ሊቀይር ይችላል። በክፍተቱ ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች ሲደሙ ሰውየው ድንገት ብዙ ደም ይተፋል፤ ሊሞትም ይችላል።

ማስረጃው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪታንያ የወጣ ጥናት ከቲቢ በኋላ 2.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ክፍተት የቀረባቸውን 544 ሰዎች መርምሮ፣ ከአራቱ በአንዱ ደም ውስጥ የዚህን ሻጋታ አንቲቦዲ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳዋ ጉሉ የተሠራው ጥናት ውጤት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ቲቢ ታክመው ክፍተት ከታየባቸው ሰዎች 26 በመቶው ሥር የሰደደ የሻጋታ ሕመም ሲገኝባቸው፣ ክፍተት ካልታየባቸው ግን 0.8 በመቶው ብቻ ናቸው። ማንን መፈለግ እንዳለብን ራጁ ይነግረናል ማለት ነው።

«ሻጋታው በየቦታው ካለ፣ አክታ ውስጥ መገኘቱ ምን ያረጋግጣል?» የሚል ይኖራል። ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ለዚህም ነው ምርመራው አራት ነገሮችን በአንድነት የሚጠይቀው፤ ሦስት ወር የዘለቀ ምልክት፣ የሚመሰክር ራጅ፣ አንቲቦዲ ወይም ሌላ የላቦራቶሪ ማስረጃ፣ እና ቲቢ አለመኖሩ። የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ እንኳ ቀድሞ በታከመ ሰው ላይ የሞተ ባክቴሪያ ዘረመል አግኝቶ ሊያሳስት ስለሚችል ጥንቃቄው ለሁለቱም ወገን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ሆና ሳለ ጥቂት ሀብቷን በሻጋታ ላይ ማዋል አለባት ወይ? ለሁሉም ሰው ምርመራ ይደረግ ቢባል ተቃውሞው ትክክል ነበር። ጥያቄው ግን ክፍተት ስላለባቸውና ምልክት ስለሚያሳዩት ብቻ ነው። ደግሞም የተሳሳተው ሕክምና ነፃ አይደለም፤ ወራት ይወስዳል፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፣ ሻጋታው ግን ማደጉን ይቀጥላል። የቲቢውንና የሻጋታውን መድኃኒት አብሮ ሰጥቶ መገላገልም አይቻልም፤ የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን የሻጋታውን መድኃኒት፣ የኢትራኮናዞልን፣ መጠን እጅግ ያወርደዋል። ኢትራኮናዞል እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም የጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ድርጅቱ በ2022 ደግሞ ይህን ሻጋታ እጅግ አሳሳቢ ከሆኑት አራት ፈንገሶች ተርታ አስቀምጦታል። መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ ለሰብልና ለአበባ ከሚረጩ ተመሳሳይ ኬሚካሎች ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ በታንዛኒያ አፈርም ተገኝቷል። ስለዚህ ጤናና ግብርና ጉዳዩን በአንድነት ሊከታተሉት ይገባል።

ከዛሬ ጀምሮ የሚቻል ነገር አለ። ቲቢ ታክሞ የጨረሰ ሰው የመጨረሻ ራጁ ይነሳ፤ ክፍተት ካለበት በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ሳሉ ሲመለስና ባክቴሪያ ሲታጣ ደሙ ለሻጋታ አንቲቦዲ ይመርመር። አንባቢም እንዲህ ያለ ዘመድ ካለው ሐኪሙን «ሻጋታስ ተመርምሯል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።