የውጫሌ ውልና የአባዱላው ቦሎ

በ1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ አንድ ውል ተፈረመ። ውሉ ሁለት ምላስ ነበረው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ «ይቻላል» ሲል በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ያ ወረቀት ያመጣውን መዘዝ ዓድዋ ያውቀዋል። እነሆ ዛሬም በዚያው በአምባሰል ምድር፣ ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወልዲያ በሚገባው 120 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ፣ ሁለት ምላስ ያለው ሌላ ወረቀት በየመኪናው መስታወት ላይ ተለጥፎ ይመላለሳል። ስሙ ቦሎ ይባላል። ከፊት ያለው ቦሎ «ይህ መኪና ለጉዞ ብቁ ነው» ይላል። ከኋላ ያለው ማርሚታ ደግሞ ጥቁር ጭሱን እየተፋ «ውሸት ነው!» ይላል። ኧረ ለመሆኑ የትኛውን እንመን?

ውድ አንባቢያን፣ ነገራችን ሕዝቡ «አባዱላ» የሚል ስም ስላወጣለት የቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ፣ በተለይም በብዙዎቹ ላይ ስለሚገኘው የቱርቦ ናፍጣ ሞተር ነው። «ጋዜጣ የፖለቲካ እንጂ የጋራዥ ነው እንዴ?» የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ከሐይቅ ደሴ ለሕክምና የምትወጣ ነፍሰ ጡር፣ ከውጫሌ ወልዲያ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ፣ ከመርሳ ደሴ ለትምህርት የሚመላለስ ልጅ ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለዚህ ሞተር ነው። የሕዝብ ነፍስ ያለበት ጉዳይ ፖለቲካ ካልሆነ ሌላ ምን ፖለቲካ አለ?

መኪና በተገለበጠ ቁጥር የሚነገረን ያው የተለመደው ነው፤ «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር»፣ «በአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት»። ሹፌሩ ወይ ይሞታል ወይ ይታሰራል፣ ፋይሉም ይዘጋል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን የጠየቀ ግን ስንት ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ሞተሩ በተፈጥሮው ገዳይ አይደለም። ገዳዩ፣ ሞተሩ የሚጠጣውን ነዳጅ የማይመረምር፣ የሚተፋውን ጭስ የማይለካ፣ ግብሩን ግን ቆጥሮ የሚቀበል አሠራር ነው።

ጨጓራው ስስ የሆነ ሞተር

እስቲ ሞተሩን እንወቀው። መካኒኮች «2ኬዲ» ይሉታል። ቶዮታ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። መጠኑ 2,494 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 16 ቫልቭ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 92 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 93.8 ሚሊ ሜትር። በደቂቃ 3,600 ዙር ሲሽከረከር 102 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በአግባቡ ከተያዘ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ደራርቦ የሚሄድ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን የድሮው ናፍጣ ሞተር ሆደ ሰፊ ነበር፤ ያገኘውን ይበላ ነበር። ይሄኛው ጨጓራው ስስ ነው። ናፍጣው ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ ይህ ከጎማው ግፊት በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። የሚረጭበት የኢንጀክተር ቀዳዳ ደግሞ የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በዚህች ቀዳዳ ውስጥ በዚያ ግፊት አሸዋ፣ ዝገት ወይም ውኃ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ቱርቦውስ? ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። የሚሽከረከረውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው። ዘይቱ ለአፍታ ከቀረበት አለቀለት።

በዚህ ላይ አገሩን ጨምሩበት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳውን አየር አጭቆ ለማስገባት ቱርቦው የባሰ መፍጠን አለበት። ከሐይቅ ወደ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህሉን ዳገት፣ ትርፍ ሰው ጭኖ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ደርድሮ፣ በቆሸሸ ፊልትሮ የሚወጣ ሞተር መከራውን ያያል።

በሽታው የታወቀ ነው

የዚህ ሞተር በሽታ ምሥጢር አይደለም። ይኸው ሞተር በተነዳበት አገር ሁሉ፣ አውስትራሊያ ሳይቀር፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንደኛው የኢንጀክተሩ የመዳብ ቀለበት ነው። ኢንጀክተሩ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ይህ ትንሽ ቀለበት ሲያረጅ የሚቃጠለው ጋዝ በሥሩ ያመልጥና ጥላሸቱን ወደ ሞተሩ ዘይት ይቀላቅላል። ቅኝታችን አራት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። አምስተኛውን የሚያውቁት መካኒኮች ናቸው፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ከኢንጀክተር ሥር «ጢስ፣ ጢስ፣ ጢስ» የሚለውን። ይህን ድምፅ ችላ ያለ ባለንብረት ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይጠቁርበታል፤ ይወፍርበታል። ታች ኮፓው ውስጥ ዘይት የሚመጥጠው ወንፊት ይደፈናል። ዘይት ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው መጀመሪያ ቱርቦው፣ ቀጥሎ ብሮንዚናው ይሄዳል። አንዲት ቀለበት በጊዜዋ ባለመቀየሯ ሙሉ ሞተር ይቀበራል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ አልነበረም እንዴ?

ሁለተኛው ኢንጀክተሩ ራሱ ነው። በቆሻሻ ናፍጣ ሲበላ መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ጠዋት ነጭ ጭስ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይመጣል። ሳይጠገን ከተነዳ የሚንጠባጠበው ናፍጣ ፒስተኑን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ሦስተኛው ከናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለው የነዳጅ መጣኝ ቫልቭ ነው። ሲቆሽሽ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም በጉዞ ላይ ድንገት ጸጥ ይላል።

አራተኛው ቺንጋው ነው። እንደየአገሩ መመሪያ በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ይሁንና ተሽጦ ተለውጦ በስንተኛ እጅ የገባን መኪና ትክክለኛ ኪሎ ሜትር ማን ያውቀዋል? ቆጣሪው የሚለውን ብቻ አምነን እንሄዳለን።

«ፍሬን እምቢ አለው» ሲባል

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የፍሬን ማገዣውን ባዶ አየር በራሱ አይሰጥም። ፍሬኑን የሚያግዘው በሞተሩ ጉልበት የሚሠራ ትንሽ ፖምፓ ነው። እንግዲህ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋ እንበል። ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ የተጠራቀመው እገዛ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ሹፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል፤ ሪፖርቱ «ፍጥነት» ይላል። የኢንጀክተሩን፣ የቫልቩንና የነዳጁን ታሪክ የሚጽፍ ግን የለም። ሙታኑ ይቀበራሉ፤ ምክንያቱም አብሮ ይቀበራል።

ሹፌሩን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ዳገት ጨርሶ የጋለ ቱርቦ ሳያቀዘቅዝ ቁልፉን የሚያጠፋ፣ ዘይት በመቀየር ፋንታ እየጨመረ የሚነዳ፣ 20 ሰው የሚያጭቅ ሹፌር አለ። ግን ለባለንብረቱ በየቀኑ ገቢ ማስገባት ያለበትን ሰው «አንድ ቀን ጋራዥ አቁመው» ማለት ቀላል ነው፤ የዚያን ቀን ገቢ የሚከፍልለት የለምና።

ነዳጁስ? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ማደያዎች ደረቁ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተለኮሰ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ናፍጣ ከማደያ ወጥቶ ወደ ጀሪካንና ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ይገባል። በጀሪካኑ ውስጥ ናፍጣ ይሁን ነጭ ጋዝ፣ ውኃ ይሁን ሌላ፣ ሻጩና ፈጣሪ ይወቁት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ቅባቱ የቀነሰ ነው፤ በናፍጣው ቅባት ብቻ የሚኖረውን ፖምፓ ብረት ከብረት ያፋጨዋል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ባዕድ ነገር የሚቀላቅለውን በእስር ይቀጣል ተብሏል። ደግ! ግን የሐይቅ ሹፌር ታንከሩ ውስጥ የገባውን ናፍጣ ወስዶ የሚያስመረምረው የት ነው? አዋጅ አለ፤ መመርመሪያ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ።

ግብር ለመሰብሰብ ግን የሚቀድማቸው የለም። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ግብሩ እንዲከብድ ተደረገ። ምክንያቱ «አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ አደጋ ያበዛል» የሚል ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለና ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የመለዋወጫም ዋጋ አብሮት ወጣ። አዲሱ እንዳይገባ ግብርና ምንዛሪ ከልክለውት፣ አሮጌው እንዳይጠገን መለዋወጫው ተወድዶ፣ ሕዝቡ በምን ይሂድ? «ኤሌክትሪክ ግዙ» ይሉናል። መብራት ለሚናፍቀው ለአምባሰል ገበሬ ይህን መንገር ምን ይባላል?

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው፣ ይኸው 2ኬዲ ሞተር በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ በቆመው ነጭ ሃይሉክስ ውስጥም መኖሩ ነው። ያኛው ሲያም በመንግሥት በጀት ኦሪጅናል ኢንጀክተር ይገባለታል። የአባዱላው ሲያም በተመሳስሎ በተሠራ ዕቃ ይጠጋገናል። ሞተሩ አንድ ነው፤ ተሳፋሪው ነው የተለያየው። ለሹም የሚገባው ኢንጀክተር ለነፍሰ ጡሯ ለምን አይገባም?

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ሰማይ የሚያስቧጥጥ አይደለም። በዓመታዊው ምርመራ የናፍጣ መኪና ሁሉ ጭሱ በመሣሪያ ይለካ፣ ውጤቱም በቁጥር ይጻፍ፤ ገንዘብ ስለተከፈለ ብቻ ቦሎ አይለጠፍ። ከየማደያው ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱም ማደያው በር ላይ ይለጠፍ። ለፊልትሮ፣ ለኢንጀክተር፣ ለቀለበትና ለቺንጋ ቀረጡ ይቀነስ፤ አስመስሎ የሚሸጠው ደግሞ ይጠየቅ። ሰው የሞተበት አደጋ ሲጣራ ሞተሩም ይፈተሽ።

ባለንብረቶችም ስሙ። ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ፤ የኢንጀክተር ቀለበቱን ጊዜ ጠብቃችሁ አስቀይሩ፤ የኮፓውን ወንፊት አስፈትሹ፤ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ አፍስሱ፤ ከዳገት በኋላ ሞተሩን ሁለት ደቂቃ አቀዝቅዛችሁ አጥፉ። ተሳፋሪም ብትሆኑ ዓይን አላችሁ። ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ መኪና ዘይቱን እየጠጣ ነው። ቱርቦው ተበጥሶ ዘይቱን ወደ ሞተሩ ከለቀቀው ቁልፉ ቢጠፋም ሞተሩ በራሱ ዘይት እየነደደ ሊጮህ ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ላይ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ የሚጠራችሁን ረዳት አመስግናችሁ እለፉት።

ምኒልክ ሁለት ምላስ ያለውን ውል አንቀበልም ያሉት የአማርኛውን ቃል ከጣሊያንኛው ጋር አስተያይተው ነው። እናንተም መናኸሪያ ስትገቡ ከመሳፈራችሁ በፊት ወደ ኋላ ዙሩና ቦሎውን ከጭሱ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ አትሳፈሩ። የሚመለከታችሁ ክፍሎች ደግሞ የሚቀጥለው አደጋ ሪፖርት «ፍጥነት» ብሎ ከመጀመሩ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ!