ባዮሎጂ ተምራ ምን ልትሆን ነው?



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በሚታወቅበት ሰሞን በየቤቱ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ልጅት «ባዮሎጂ እማራለሁ» ትላለች፤ አባት «ሐኪም ካልሆንሽ ምን ይረባሻል?» ይላል፤ እናት ደግሞ ኮሌጁ ትንሽ መሆኑን ሰምታ ኖሮ «ማን ያውቀዋል እሱን?» ብላ ነገሩን ታከብደዋለች። ለዚህ ክርክር ይረዳ እንደሆነ በማለት፣ የአንዲት የጎረቤት አገር ሴትን የትምህርት ታሪክ ዛሬ እናቀርብላችኋለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋንጋሪ ሙታ በ1940 በኬንያ፣ በኒዬሪ አካባቢ፣ ኢሂቴ በምትባል መንደር ተወለደች። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ፣ ዋንጋሪ እንደ እነሱ የማትማረው ለምን እንደሆነ እናቱን ጠየቀ። በእርሻ የሚተዳደሩት እናት ነገሩን ቢያስቡት የሚከለክል ምክንያት አላገኙም፤ ላኳት። የዚህች ልጅ ታሪክ በሚነገርበት ሁሉ ስለ ሽልማቷ ብዙ ይወራል፤ ስለዚያ የእናት ውሳኔ ግን የሚወራው ጥቂት ነው።

ዋንጋሪ ለእናቷ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ስትወርድ፣ የእንቁራሪት ዕንቁላል ዶቃ መስሏት በጣቷ ልታነሣው ትሞክር ነበር። በነካችው ቁጥር ይበተንባታል። ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ ዶቃው በነበረበት ቦታ ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረቶች ሲርመሰመሱ ታያለች። ይህ እንዴት እንደሚሆን የተማረችው በኋላ ነው።

ከመንደሯ ትምህርት ቤት ቀጥሎ በካቶሊክ ሲስተሮች ትምህርት ቤቶች ገብታ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ዘለቀች። በ1960 ወደ 300 የሚጠጉ የኬንያ ወጣቶች የኬኔዲ ቤተሰብ ድርጅት የመጓጓዣቸውን ወጪ ችሎላቸው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲሄዱ እርሷም አብራ ሄደች። የደረሳት ትምህርት ቤት ግን ዓለም ያወቀው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። በካንሳስ ክፍለ ሀገር፣ በሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ አቺሰን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የቤነዲክት ማኅበር ሲስተሮች የሚያስተምሩበት፣ ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ማውንት ሴንት ስኮላስቲካ የተባለ ኮሌጅ ነበር።

እንዲህ ያለው ኮሌጅ «ሊበራል አርትስ» ይባላል። ባዮሎጂ የምታጠና ተማሪ በባዮሎጂ ብቻ አትወሰንም፤ ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ የካቶሊክ ኮሌጅ ከሆነም የሃይማኖት ትምህርት ትማራለች። የዋንጋሪ ዋና ትምህርት ባዮሎጂ ሲሆን ኬሚስትሪና ጀርመንኛ ጨምራበታለች። ለባዮሎጂ ተማሪ ጀርመንኛ ምን ያደርጋል የምትል እናት አትጠፋም። በ1967 ዋንጋሪ ለምርምር የተላከችው ወደ ጀርመን አገር ነው።

የክፍሉ ማነስም ቢሆን መናቅ የለበትም። በተጨናነቀ ክፍል አንድ ማይክሮስኮፕ ለአሥር ተማሪ ሲደርስ፣ ዘጠኙ አንዱ ያየውን ገልብጠው ይወጣሉ። ተማሪው ጥቂት በሆነበት ግን እያንዳንዷ በገዛ ዓይኗ ማየት ትችላለች። እናንተ በየቀኑ የምትልጡት ቀይ ሽንኩርት በውስጥ በኩል ያለው ስስ ልባስ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ፣ እንደ ጡብ ግንብ የተደረደሩ ክፍሎች ይታዩበታል። ልጃችሁ ልትገባበት ስላሰበችው ኮሌጅ ከስሙ በፊት ይህንን ጠይቁ፤ ማይክሮስኮፑ ስንት ነው? ተማሪውስ? መምህራኑ ተማሪዋን በስሟ ያውቋታል?

በ1964 የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በ1966 ደግሞ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን አገኘች። በዚያው ዓመት ሥራ ተሰጥቶሻል የሚል ደብዳቤ ይዛ ናይሮቢ ብትደርስ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባለች። ሥራ ፈልጎ በር ያንኳኳ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ያዳናት የእጇ ሙያ ነው። ከእንስሳ አካል የተወሰደን ቁራጭ እንዳይበሰብስ በመድኃኒት ማቆየት፣ በሰም ውስጥ አርግቶ እጅግ አሳስቶ መቁረጥ፣ በመስተዋት ላይ አንጥፎ በቀለም መንከር፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ መመርመር ታውቅ ነበር። በእንስሳት ሕክምና ክፍል የነበሩ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር እንዲህ ያለ ሰው ሲፈልጉ ኖሮ ቀጠሯት። በ1971 ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች፤ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ይገባል።

ዶክተር ዋንጋሪ ማታይ ከብት ስለሚፈጅ በሽታ ለመመራመር መዥገር ሊለቅሙ ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ከመዥገሩ ሌላ ነገር አዩ። ወንዞቹ አፈር ተሸክመው ደፍርሰዋል፤ ከብቶቹ ከስተዋል። የገጠር ሴቶችን ችግር ሲሰሙ ደግሞ ማገዶ ስለጠፋ እናቶች ብዙ እሳት የማይፈጀውን ነጭ ዳቦና የተፈተገ ሩዝ ለልጆቻቸው እንደሚያበሉ፣ ልጆቹም እንደሚጎዱ ተረዱ። ደኑ፣ አፈሩ፣ ውሃው፣ ላሚቱና የሕፃኑ ምግብ በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸው ታያቸው። ይህ ነው እንግዲህ ባዮሎጂ።

ሰኔ 5 ቀን 1977 ናይሮቢ ውስጥ በሰባት ዛፎች ተከላ ሥራው ተጀመረ፤ በኋላም የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ተባለ። የደን ባለሙያዎች ዛፍ መትከል ዲፕሎማ ይጠይቃል ብለው ነበር። ሴቶቹ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቄላና በቆሎ ሲዘሩ የኖሩ ስለሆኑ በተሰበረ ገንቦ ሳይቀር ችግኝ አፈሉ። በ2004 ዶክተር ዋንጋሪ፣ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነው የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ የተተከለው ዛፍ ከ30 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ያረፉት በ2011 ነው።

ያ የሴቶች ኮሌጅ በ1971 ከጎረቤቱ የወንዶች ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ቤኔዲክታይን ኮሌጅ ተብሏል። ባዮሎጂ ዛሬም ይሰጥበታል።