ገልብጦ ከማባዛት በፊት
ለትምህርት ሚኒስትሩ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፤

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አብዛኛው ክርክር ስለ ኩረጃና ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነበር። የሒሳቡ ጣጣ ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ የአሜሪካና የብሪታንያ ልጆችን የብዙ ዓመት መረጃ መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ልጅ በአስር ዓመቱ ገደማ ስለ ክፍልፋይና ስለ ማካፈል ያለው እውቀት ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ የሚኖረውን የአልጀብራና የሒሳብ ውጤት አስቀድሞ እንደሚጠቁም አሳይተዋል፤ የቤተሰቡ ገቢና የልጁ አጠቃላይ ችሎታ ከግምት ከገቡ በኋላም ቢሆን። ጥናቱ የእኛን ልጆች አይመለከትም። ሆኖም ክፍልፋይ ያልገባው ተማሪ በአልጀብራ መቸገሩ የትም አገር ያው ነው። ስለዚህ የምጠይቅዎ ስለ 12ኛ ክፍል አይደለም፤ ክፍልፋይንና አስርዮሽን የሚያስተምረው የአንደኛ ደረጃ መምህር በኮሌጅ ቆይታው ምን እንደሚማር ነው።

ማስላት መቻልና ማስተማር መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሊፒንግ ማ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ለአሜሪካና ለቻይና መምህራን የቀረበ አንድ ጥያቄ አለ፦ 1¾ን ለ½ አካፍሉ፣ ከዚያም ለስሌቱ የሚስማማ ታሪክ ፍጠሩ። ከአሜሪካውያኑ በትክክል ያሰሉት ከግማሽ በታች ነበሩ፤ ትክክለኛ ታሪክ የፈጠረ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። 72ቱ ቻይናውያን ግን ሁሉም አስልተዋል፣ 65ቱም ታሪኩን ፈጥረዋል። እስኪ እኛም እንሞክረው፦ 1¾ ኪሎ ቡና ግማሽ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ቢታሸግ ስንት ከረጢት ይሆናል? ሦስት ከረጢት ሞልቶ ሩብ ኪሎ ይተርፋል። ታዲያ መልሱ ሦስት ከሩብ ነው ወይስ ሦስት ተኩል? የተረፈው በኪሎ ሲለካ ሩብ፣ በከረጢት ሲለካ ግን ግማሽ ነው፤ የተጠየቀው የከረጢት ብዛት ስለሆነ መልሱ ሦስት ተኩል ነው። «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ» የሚለው ደንብም ወደዚሁ መልስ ያደርሳል። ልጁ «አካፍለን ሳለ ለምን በዛ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ደንቡ አይመልስለትም፤ ሌላ ነገር ያልተማረ መምህርም እንዲሁ።

አስርዮሽ ላይ ነገሩ የባሰ ስውር ነው። ብዙ ጊዜ ትምህርቱ የሚጀመረው በብርና በሳንቲም ነው፤ መጥፎ መነሻ አይደለም። ነገር ግን 3.25ን «ሦስት ብር ከሃያ አምስት ሳንቲም» ብሎ የለመደ ልጅ በነጥቡ ግራና ቀኝ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች የተቀመጡ ሊመስለው ይችላል፤ ገንዘቡም ከመቶኛ ቤት አያልፍለትም። እንዲህ ያለው ልጅ 35 ከ4 ስለሚበልጥ 0.35 ከ0.4 ይበልጣል ይላል። ይኸው ልጅ 0.35ን ከ0.2 ጋር ሲያወዳድር ግን በዚያው የተሳሳተ ሐሳብ ትክክለኛውን መልስ ያገኛል፣ መምህሩም «ራይት» ያደርግለታል። በተቃራኒው ከነጥቡ በኋላ አሃዝ በበዛ ቁጥር ዋጋው ያንሳል ብሎ የሚያምን ልጅ አለ፤ እሱ የመጀመሪያውን አግኝቶ ሁለተኛውን ይስታል። እነዚህን ሁለት ልጆች የሚለየው የጥያቄው አመራረጥ ነው። «ዜሮ ጨምርና አወዳድር» ማለት ለጊዜው ሁለቱንም ያስተካክል ይሆናል፤ ምን እንዳሳታቸው ግን ለመምህሩ አይነግረውም።

ችግሩ የመምህራን የትምህርት ደረጃ ማነስ ነው፣ ዲፕሎማው ዲግሪ ይሁን የሚሉ አሉ። ዲግሪውን አልቃወምም፤ ይሁንና የሊፒንግ ማ ቻይናውያን መምህራን በትምህርት ቤት ያሳለፉት ዘመን ከአሜሪካውያኑ ያነሰ ነበር። ተጨማሪ ካልኩለስ የወሰደ ሰልጣኝ ½ + ⅓ = ⅖ ብሎ የጻፈ ልጅ ምን አስቦ እንደሆነ በዚያ ብቻ አያውቅም። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ፣ መጽሐፉም የማይዳረስ ነው የሚለው ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ እውነትም ነው። ሆኖም ሰሌዳ ላይ የቁጥር መስመር አስምሮ ⅖ ከግማሽ በታች መዋሉን ማሳየት ከጠመኔ በቀር ወጪ የለውም። ግማሽ ላይ አንድ ሦስተኛ ተጨምሮ ከግማሽ ሊያንስ እንደማይችል ልጁ ራሱ ያየዋል። የክፍሉ ተማሪ በበዛ ቁጥር ደግሞ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ የማነጋገር ዕድሉ ስለሚጠብ፣ ስህተትን ከደብተር ላይ ማንበብ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ኮሌጆቹ የሚተዳደሩት በክልል ትምህርት ቢሮዎች ነው ሊባል ይችላል፤ የሥርዓተ ትምህርቱ ማዕቀፍ ግን ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ይወጣል። በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ ክፍልፋይንና አስርዮሽን ስለማስተማር ብቻ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ኮርስ ይግባ፤ የትምህርት መሣሪያውም በየአካባቢው ካሉ ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበ የልጆች ሥራ ይሁን። በመምህራን የሙያ ብቃት ምዘናም ውስጥ፣ ከስሌት ጥያቄዎች ጎን፣ ልጅ የተሳሳተበት ሥራ ቀርቦ «ይህ ልጅ ምን አስቦ ነው? ቀጥሎ የትኛውን ጥያቄ ትሰጠዋለህ?» የሚል ይካተት። ምዘናው ካልጠየቀው ኮርሱ ከወረቀት አያልፍም።

ከአክብሮት ጋር