“ውጣ” የሚለው ትንቢትና የሰኞ ሥራ



በየመድረኩ እየተለመደ የመጣ አንድ ትንቢት አለ፤ “ከዚያ ሥራ ጌታ ያወጣሃል፤ ይህ ወር የመውጫህ ወር ነው!” የሚል። ማለዳ ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ወንድማችን እሑድ ይህን ሰምቶ “አሜን” ይላል። ሰኞ ግን ያልመረጠው ፕሮጀክት እዚያው ይጠብቀዋል። ወሩ ያልቃል፣ ፕሮጀክቱ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ወይ የራሱን እምነት ይጠራጠራል፣ ወይም “እኔ እንደሆነ ወጪ ነኝ” እያለ በግማሽ ልብ ሠርቶ ሙሉ ደመወዝ ይቀበላል። እኛ ይህን ትንቢት ሐሰት ነው እንላለን፤ የሚለሰልስ ቃል አልፈለግንለትም።

ሐናንያም እንዲሁ ነበር (ኤር. 28)። የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ይሰበራል ብሎ ሕዝቡ መስማት የሚወደውን ተናገረ። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ በጻፈው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ እንዲተክሉ፣ ላልመረጧት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው (ኤር. 29)። ዘመኑም ሁለት ሳይሆን ሰባ ዓመት ነበር። ዛሬ ኤርምያስ በመካከላችን ቢነሣ “አሉታዊ ቃል ይናገራል” ተብሎ ማይክ ይነፈግ ነበር።

“እንግዲያው አለቃ ያለውን ሁሉ እሺ ማለት ነው?” የሚሉን አሉ። አይደለም። ቈላስይስ 3ን እየጠቀሱ እንዲህ የሚያስተምሩም ከሐናንያ አይሻሉም። ለዚህ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ ከብረት የተሠራ ምስክር አለ።

ከስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ ወንጌላውያን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ወደ አገራችን መጡ። የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ አሳባቸው በእጃቸው እየሠሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማዳረስ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አስቀመጧቸው። ለወጣቶች ሙያ አስተማሩ፣ መንገድ ሠሩ፤ ይህ የመጡበት ጉዳይ ባይሆንም ሰው የሚጠቀምበት ሥራ ነበር። ቀጥሎ መድፍ ሥሩ ተባሉ። አናውቅበትም ቢሉም ሞክሩ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1867 ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ሆነው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ ከወራት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ደረሰ። አሁንም እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት ቅጂው ነው።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። በዚያው ዘመን ሌሎች ሚስዮናውያን በሰንሰለት ታስረው ነበር፤ እምቢታ ምን እንደሚያስከፍል በዓይናቸው አይተዋል። ቢሆንም መንገድ መሥራትና ለሰው መግደያ ብረት ማቅለጥ አንድ አይደለም። የግብፅን አዋላጆች ተመልከቱ (ዘጸ. 1)። ፈርዖን ክፉ ስለሆነ አዋላጅነቱን ትተው አልሄዱም፤ ወንድ ልጆችን ግደሉ የሚለውን አንድ ትእዛዝ ግን አልፈጸሙም።

እንግዲህ ወንድማችን፣ ሥራው ስለሚያሰለችህ፣ ሪፖርቱ ስለበዛብህ ወይም ፕሮጀክቱ ከተማርክበት ሙያ ጋር ስለማይገናኝ ግብፅ ውስጥ ነህ ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ከተዘረፉ በኋላ የጎደለውን ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልግ ነበር። ባዶ መጋዘን፣ የተነቀለ ማሽን፣ አልጋ የሌለው የሆስፒታል ክፍል እየዞሩ መቁጠርን ማን ይወደዋል? ግን ሳይቆጠር የሚጠገን ነገር የለም። የዚያ ሥራ ምስክርነት በመድረካችን ሲሰማ አላየንም፤ የሚሰማው የዕድገት፣ የመኪናና የዲቪ ነው።

ምደባህ እንዲቀየር በጽሑፍ ጠይቅ፤ አለቃህን በአክብሮት አነጋግረው፤ ሌላ ሥራ ፈልግ። ጳውሎስም ባሪያ ነፃ መውጣት ከቻለ እንዲጠቀምበት ነግሮታል (1ቆሮ. 7፥21)። እስክትወጣ ድረስ ግን በደንብ ሥራ። አጠገብህ ያለው ሙስሊም ባልደረባህ እሑድ የምትዘምረውን አይሰማም፤ ሰኞ የምትሠራውን ግን ያያል። ያልተሠራውን “ተሠርቷል” ብለህ እንድትፈርም፣ ያልመጣውን ሲሚንቶ “ገብቷል” እንድትል ከተጠየቅህ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ አትፈርም።

ለአብያተ ክርስቲያናት መሪዎችም አንድ ነገር እንለምናለን። በዚህ እሑድ የወጣውን ሳይሆን ያልወጣውን ወንድም ወደ መድረክ ጥሩት። ሰኞ ምን እንደሚጠብቀው ጠይቁት፤ እጅ ጭናችሁ ጸልዩለት። አልፈርምም ብሎ ከሥራ የተባረረ ካለ ደግሞ የሚቀጥሉትን ወራት የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል የሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀምጦ ይወስን።